ድርሰት በየደረጃው ሲጻፍ

ካልተፈተለ የበግ ጠጉር የመንዝ በርኖስ አይሸመንም። ጠጉሩ አስቀድሞ ይሸለታል፤ ይጸዳል፤ ይፈተላል። ድርሰትም እንደዚሁ በየደረጃው እንጂ በአንድ ጊዜ ተጽፎ አያልቅም። ለምሳሌ አንድ የመሐል ሜዳ ተማሪ «ጓሳ» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል።

ሀ/ ማሰባሰብ፦ ተማሪው የሚያውቀውንና ከሽማግሌዎች ጠይቆ የተረዳውን በአጫጭር ሐረጎች ይመዘግባል፤ የሣሩ ጥቅም፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የቄሮ ሥርዓት፣ የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ።

ለ/ አስተዋጽኦ ማውጣት፦ «ጓሳ በሕዝብ ሕግ የተጠበቀ ሀብት ነው» የሚለውን ዋና ሐሳብ ቢመርጥ፣ ይህን የማይደግፈውን ትቶ የቀረውን በቅደም ተከተል ያሰልፋል።

ሐ/ ማርቀቅ፦ ስለ ፊደልና ስለ ሥርዓተ ነጥብ ብዙ ሳይጨነቅ ሐሳቡን በአንቀጽ በአንቀጽ ይጽፋል።

መ/ ማረም፦ ዋናው ድካም ከዚህ ላይ ነው። በረቂቁ «ጓሳ ጠቃሚ ስለሆነ ድሮ ይጠበቅ ነበር» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢ «ለምን ጠቀመ? ማን ጠበቀው?» ይላል። «ድሮ» የሚለውም ቃል ዛሬ ጠባቂ የሌለው ያስመስለዋል። ስለዚህ እንዲህ ይታረማል፤ «የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚያገለግል፣ የመንዝ ሕዝብ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈተ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢዳከምም፣ ሕዝቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን ቀጥሏል።»

ሠ/ መገልበጥ፦ በመጨረሻ ፊደሉና ነጥቡ ተስተካክሎ ድርሰቱ በንጹሕ ወረቀት ይገለበጣል።

እንግዲህ እርማት ቃላትን ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ግድ የለሽ ዐረፍተ ነገር እውነትን እንዳያዛባ መጠበቅም ነው።

መልመጃ፦ ስለ አካባቢያችሁ አንድ ሀብት ረቂቅ ጻፉ፤ በማግስቱ አርሙት፤ የለወጣችሁበትንም ምክንያት አስረዱ።