አፖፊስ በይፋግ ሰማይ

ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. አርብ ማታ፣ 340 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ስሙ አፖፊስ ነው። ይህን የሚያክል ድንጋይ ይህን ያህል ሲጠጋን በአማካይ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ አንዴ ቢያጋጥም ነው።

ቅርበቱን ለመገመት ጣሪያ ላይ የተተከለውን ዲሽ ማየት ይበቃል። ዲሹ የተነጣጠረበት ሳተላይት ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አፖፊስ ከዚያም ዝቅ ብሎ ያልፋል።

የሚፈራ ሰው አይፈረድበትም። ሰኔ 1996 ዓ.ም. አሪዞና ውስጥ ከኪት ፒክ ተራራ በታየ በስድስት ወሩ፣ ምድርን የመምታት ዕድሉ 2.7 በመቶ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ የተሰበሰበው መረጃ ያንን ስሌት ሻረው። መጋቢት 2013 ዓ.ም. በራዳር ሲለካ ደግሞ ቢያንስ ለ100 ዓመት እንደማይነካን ተረጋገጠ። ይህን አስረግጬ የምናገረው «ዓለም ሊጠፋ ነው» የሚል ወሬ ቀድሞ ደብረ ታቦርና አዲስ ዘመን ገበያ እንዳይገባ፣ ሰውም ወጥቶ ማየት ሲገባው በሩን ዘግቶ እንዳያመልጠው ብዬ ነው።

ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ሌሊቱ ጨረቃ የሌለበት ነው። የፋሲካ ሳምንት ስለሆነ አርቡም አይጾምም፤ ሰው አምሽቶ ይጫወታል። ከተማችን ይፋግ ላይ ደመና ካልከለለው፣ የውጭ መብራት አጥፍቶ ሰማዩን መቃኘት ነው። መካከለኛ ድምቀት ያለው ኮከብ ይመስላል፤ ነገር ግን አጠገቡ ያለውን ኮከብ ምልክት አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ለጠበቀ ሰው ቦታውን ሲለቅ ይታወቃል። እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ብልጭ ብሎ አይጠፋም፤ በጣና በኩል ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ለምድር እጅግ የሚቀርበው ከእኩለ ሌሊት በኋላ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ለእኛ የሚመቸው ከዚያ በፊት ያለው ምሽት ነው።

ምድር ስትስበው መንገዱ ይቀየራል። አሁን ፀሐይን ዞሮ ለመጨረስ ከዓመት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ ከዚያ ወዲያ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ አፈር ያመጣችው የአሜሪካ መንኮራኩር፣ አሁን ኦሳይረስ አፔክስ ተብላ፣ ወደ አፖፊስ እየተጓዘች ነው። ስትደርስ የምትመረምረው የምድር ስበት የድንጋዩን ገጽ አናውጦ፣ አፈሩን አንሸራትቶ፣ ሽክርክሪቱን ለውጦ እንደሆነ ነው።