የአንድን መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት ሥራ ለሁለት መስመሮች ስለ ማካፈል

ሥራውን በኢንተርኔት የሚያካሂድ መሥሪያ ቤት መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሥራ ይፈታል። ገንዘብ ያዡ ክፍያውን ለማስተላለፍ፥ ጸሐፊው ደብዳቤውን ለመላክ፥ ባለጉዳዩም መልሱን ለማግኘት መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሁለተኛ መስመር ያስገባሉ። በአገራችንም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ፥ አንዱን መስመር ከኢትዮ ቴሌኮም፥ ሌላውን ከእርሱ መውሰድ ይቻላል። ነገር ግን ሁለት መስመር መግዛትና በሁለት መስመር መጠቀም አንድ አይደለም። አከፋፈሉ ካልታወቀበት መሥሪያ ቤቱ እጥፍ ዋጋ እየከፈለ ከቀድሞው የባሰ አገልግሎት ሊያገኝ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አከፋፈሉ በምን ሕግ እንደሚመራ በአጭሩ ለማስረዳት ነው።

የሚከፈለው ምንድን ነው?

በኢንተርኔት የሚላክ ማናቸውም ነገር ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተቆራርጦ ይጓዛል። እንግዲህ አንዱን ፓኬት በመጀመሪያው መስመር፥ ተከታዩን በሁለተኛው እያፈራረቁ መላክ ቀላሉ ዘዴ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ በሁለት ምክንያት አይሠራም።

1ኛ፤ የአድራሻ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚጠቀሙበት አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው ውጭ አያገለግልም። ስለዚህ ራውተሩ ፓኬቱን ወደ ውጭ ሲያወጣ የኮምፒዩተሩን አድራሻ በመስመሩ አድራሻ ይተካዋል። መስመሮቹ ሁለት ከሆኑ አድራሻዎቹም ሁለት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የቲሲፒ ደንብ መሠረት አንድ ግንኙነት የሚለየው በአራት ቁጥሮች ሲሆን፥ እነርሱም የላኪው አድራሻና ፖርት፥ የተቀባዩም አድራሻና ፖርት ናቸው። ከአራቱ አንዱ በመካከል ቢለወጥ በወዲያኛው ዳር ያለው ሰርቨር ፓኬቱን ከማያውቀው ሰው እንደ መጣ ይቆጥረዋል፤ ሳይቀበለውም ይቀራል።

2ኛ፤ የጊዜ ነገር ነው። አንዱ መስመር ፓኬቱን በ20 ሚሊሰከንድ፥ ሌላው በ80 ሚሊሰከንድ ያደርሳል እንበል። በዚህ ጊዜ ኋላ የተላከው ፊት ከተላከው ይቀድማል። ተቀባዩም የጎደለውን ፓኬት በመጠየቅ ያንኑ መልስ ደጋግሞ ይልካል። ላኪው ይህን ተደጋጋሚ መልስ ሦስት ጊዜ ሲያገኝ ፓኬቱ የጠፋ መስሎት እንደገና ይልከዋል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ ሁለቱ መስመሮች ተባብረው ከአንዱ ያነሰ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ።

ከዚህ የምንረዳው የሚከፈለው ፓኬቱ ሳይሆን ግንኙነቱ መሆኑን ነው። በአንድ መስመር የተጀመረ ግንኙነት በዚያው መስመር ይፈጸማል።

አከፋፈሉ እንዴት ነው?

የመጀመሪያው መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት፥ ሁለተኛው 10 ሜጋቢት ያስተላልፋሉ እንበል። ተገቢው ድርሻ ሁለት ለአንድ ነው። ራውተሩ ከላኪውና ከተቀባዩ አድራሻ አንድ ቁጥር ያሰላል፤ ያንንም ለ3 ያካፍለዋል። ቀሪው 0 ወይም 1 ከሆነ ግንኙነቱ በመጀመሪያው፥ 2 ከሆነ በሁለተኛው መስመር ይሄዳል። በማይክሮቲክ ራውተሮች ላይ የሚገኘው አንዱ የማካፈያ ዘዴ በዚሁ ስሌት ይሠራል።

በስሌቱ ውስጥ የፖርት ቁጥር ቢጨመር ድርሻው ይበልጥ የተስተካከለ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሌላ ችግር ይከተላል። አንድ ሰው የባንክ ገጽ ሲከፍት ኮምፒዩተሩ ብዙ ግንኙነቶችን ሊጀምር ይችላል። ግማሹ በአንዱ፥ ግማሹ በሌላው አድራሻ ከወጣ፥ ገቢውን ሰው በአድራሻው የሚጠብቅ ባንክ ተጠራጥሮ ያስወጣዋል። ስለዚህ የባንክ ሥራ ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ መስመር እንዲሄድ ማዘዝ ይሻላል። የስልክ ንግግርም መዘግየት ስለሚጎዳው በፈጣኑ መልእክተኛ፥ ማለትም በ20 ሚሊሰከንዱ መስመር ይሰጥ።

ስለ ፍጥነቱም ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። 20ና 10 ሲደመሩ 30 መሆናቸው ለመሥሪያ ቤቱ በጠቅላላው እንጂ ለአንድ ፋይል አይደለም። 600 ሜጋባይት የሆነ ፋይል 4,800 ሜጋቢት ነው። በመጀመሪያው መስመር ብቻውን ቢወርድ 4 ደቂቃ፥ በሁለተኛው 8 ደቂቃ ይፈጃል። በሁለቱ ድምር በ2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይደርሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የባለብዙ መንገድ ቲሲፒ ደንብ አንዱን ግንኙነት በሁለት መስመር ለማስኬድ ቢፈቅድም፥ ይህ የሚሆነው ሁለቱም ዳሮች ደንቡን የሚያውቁ እንደ ሆነ ነው።

መስመር ሲቋረጥ

ራውተሩ አንዱ መስመር መሞቱን ካላወቀ ከሦስት ግንኙነት አንዱን ወይም ሁለቱን ወደ ገደል መላኩን ይቀጥላል። ቅርብ ያለውን የአቅራቢውን መሣሪያ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ እርሱ መልስ እየሰጠ ከእርሱ ወዲያ ያለው መንገድ ሊቋረጥ ይችላልና። ስለዚህ በየመስመሩ ሩቅ ያሉ ቢያንስ ሁለት አድራሻዎች በየጊዜው ይፈተኑ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መልስ ሲጠፋ መስመሩ ከድርሻው ይውጣ፤ ሲመለስም ለጥቂት ደቂቃዎች መጽናቱ ሳይታይ አይግባ። አለዚያ በሚንቀጠቀጥ መስመር ምክንያት ሥራው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በሞተው መስመር ላይ የነበሩት ግንኙነቶች አድራሻቸው ስለሚለወጥ ይቋረጣሉ፤ አዲሶቹ ግን በደኅናው ይወለዳሉ።

በመጨረሻም መስመሮቹ በወረቀት ላይ ሁለት መሆናቸው አያታልል። የሁለት ድርጅቶች ሽቦ በአንድ ቦይ ከተቀበረ አንድ ዶማ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። ሁለቱም በአንድ ራውተር ካለፉ፥ ራውተሩም መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሁለተኛውን መስመር ለመግዛት የሚያስብ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ፍጥነቱ አይደለም፤ መስመሩ በየት በኩል እንደሚመጣና የመጀመሪያውን የሚጥለው ነገር እርሱንም ይጥለው እንደ ሆነ ነው። የዚህ መልስ ከታወቀ በኋላ የማካፈሉ ሒሳብ ቀላል ነው።