ባቡር ያልወጣው አምባ፦ የግሸን ዳገት በሳይንስ ዐይን

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሲቃረብ ከልዩ ልዩ የአገራችን ማዕዘናት የተነሡ ምእመናን ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ አምባሰል ይጎርፋሉ። መድረሻቸው ግሸን ደብረ ከርቤ ናት። ከተጓዦቹ መካከል ጎልማሶች ብቻ ሳይሆኑ ምርኩዝ የያዙ አያቶች፣ ነፍሰ ጡር እናቶችና በጀርባ የታዘሉ ሕፃናትም ይገኛሉ። ከበዓሉ ውጭም ቢሆን ማልደው ከሐይቅ ወይም ከደሴ ተነሥተው፣ አምባውን ተሳልመው፣ በዚያው ዕለት ለመመለስ የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉ።

ይህ ጉዞ የእምነት ጉዞ ነው፤ ምሥጢሩን መተንተንም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ይሁን እንጂ ዳገት የሚወጣ ሰው ልቡ ለምን በፍጥነት ይመታል? የአምባው ራስ ከሥሩ ይልቅ ለምን ይበርዳል? ተራራው እንደ ገበታ የተስተካከለው በምን ምክንያት ነው? በሌላው ዓለም ባቡር ተራራ ሲወጣ ግሸንን በእግርና በመኪና የምንወጣት ስለምን ነው? እነዚህ ሁሉ የፊዚክስ፣ የጂኦሎጂና የሥነ ሕይወት ጥያቄዎች ናቸው። ከመልሶቻቸው አንዳንዶቹም የተጓዡን ጤንነትና ሕይወት በቀጥታ የሚነኩ ስለሆኑ፣ ከቤተሰቡ መካከል የተማረው ልጅ ሊያውቃቸው ይገባል።

አምባ እንዴት ይፈጠራል?

ግሸን በታሪክ የምትታወቀው በቤተ ክርስቲያኗ ብቻ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ ለዙፋን የሚታጩ ወንዶች የንጉሣውያን ልጆች የሚጠበቁባት አምባ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከመንገሣቸው በፊት እዚያው ነበሩ። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ የመሳፍንት ተራራ ጽፏል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው «ራሴላስ» በተባለው ልብ ወለዱ በተራራ መካከል ተዘግቶ የሚኖር የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ ተርኳል።

ለዘብ ጠባቂ ምቹ ያደረጋት ግን የሰው እጅ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋ በአብዛኛው የተገነባው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ በተነጠፈ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ቅላጩ ቀዝቅዞ ባዛልት ወደሚባለው ጥቁር ድንጋይ ተለወጠ። ፍሰቱ በአንድ ጊዜ ያበቃ ሳይሆን ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደረበ የቀጠለ ነበር። በአንዳንድ ሥፍራም የንብርብሩ ውፍረት 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ንጣፎቹ ሁሉ እኩል ጥንካሬ የላቸውም። ከባዛልቱ መካከል የእሳተ ገሞራ ዐመድና በቆይታ ወደ አፈርነት የተለወጡ ለስላሳ ንጣፎች ይገኛሉ። ዝናብና ወንዝ ለስላሳውን ቶሎ ሲሸረሽሩት ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ድጋፍ ያጣል። ባዛልት ሲቀዘቅዝ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የመሰንጠቅ ባሕርይ ስላለው የሚናደው ሰያፍ ሆኖ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ነው። በመሆኑም ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ገደል የሆነ መሬት ይቀራል፤ ሕዝባችን አምባ ብሎ የሚጠራውም ይህንኑ ነው።

የግሸን አናት የመስቀል ቅርጽ አለው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የጌታ መስቀል ግማድ እዚህ ያረፈው ስለዚሁ ቅርጽ ነው። በጂኦሎጂ በኩል ሲታይ፣ የአንድን ጠፍጣፋ አምባ ማዕዘኖች ከየአቅጣጫው የሚነሡ ጅረቶች ወደ ውስጥ እየበሉ ሲገቡ ከመካከላቸው ክንድ መሰል ሸንተረሮች ይቀራሉ። ምእመኑ ቅርጹን የፈጣሪ ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ተመራማሪው ደግሞ ውሃ ያንን ቅርጽ የቀረጸበትን መንገድ ይጠይቃል።

ከሐይቅ ዳር እስከ አምባው ራስ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት የሐይቅ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይተኛል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አምባሰል ተራሮች የሚያቀና ተጓዥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላ ይሸጋገራል። ለስሌት እንዲመቸን ከ2,000 ወደ 3,000 ሜትር የሚወጣ ሰው እንውሰድ።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንመልከት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። በሐይቅ ዳር 22 ዲግሪ ከሆነ 3,000 ሜትር ላይ ወደ 15 ወይም 16 ዲግሪ ይወርዳል። ላብ ያሰመጠው ልብስና ነፋስ ሲጨመሩበት ብርዱ ይብሳል። በቀትር የሚወጣ ሰው ጋቢ መያዙ እንግዲህ ትርፍ ሸክም አይደለም።

ሁለተኛው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው ግፊት በ2,000 ሜትር ወደ 80፣ በ3,000 ሜትር ደግሞ ወደ 70 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ብዙዎች «ከፍታ ላይ ኦክስጅን ከአየሩ ውስጥ ያንሳል» ይላሉ። ትክክለኛው አባባል ግን ሌላ ነው። የኦክስጅን ድርሻ እዚያም እዚህም 21 ከመቶ ነው። የተለወጠው የአየሩ እፍጋት በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሰውነትም ጉድለቱን ለመሙላት ትንፋሽንና የልብ ምትን ያፋጥናል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ነዋሪዋ ቀጭኑን አየር ለምዶታል። ከቆላ አገር መጥቶ በአንድ ቀን የሚወጣው ግን አልለመደውም። ከ2,500 ሜትር በላይ ወዳለ ሥፍራ በፍጥነት የሚወጡ ሰዎች አንዳንዶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና ድካም ያጋጥማቸዋል። መድኃኒቱ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣትና ምልክቱ ከባሰ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። የልብና የሳንባ ሕመም ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናት፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

ሌላ ሒሳብም እንጨምር። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 500 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ በመሬት ስበት ላይ የሚሠራው ሥራ 294 ኪሎ ጁል ነው። ጡንቻዎቻችን ከምግብ ካገኙት ኢነርጂ ወደ ሥራ የሚለውጡት ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ ሰውነት 1,176 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 280 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። የቀረው ሦስት አራተኛ ሙቀት ይሆናል። ዳገት ላይ በብርድ መካከል የሚያልበን ስለዚህ ነው።

ባቡር ተራራ የሚወጣው እንዴት ነው?

በስዊዘርላንድ አንድ ቤተሰብ ከቁርስ በኋላ ተነሥቶ፣ አያትም ሕፃንም ሳይደክሙ፣ በባቡር 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ዩንግፍራውዮኅ ደርሶ ለእራት መመለስ ይችላል። መንገዱን የጠነሰሰው አዶልፍ ጉየር ዜለር ሲሆን፣ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1896 ተጀምሮ በ1912 ተፈጸመ። ሐዲዱ ከ2,061 ሜትር ተነሥቶ በ9.3 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,393 ሜትር ይወጣል። ከዚህም 7 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የአይገርንና የመንኽን ተራሮች ሰንጥቆ በዋሻ የሚያልፍ ነው።

ተራ ባቡር ይህን ማድረግ አይችልም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ የሚይዘው በሰበቃ ነው። በደረቅ ሐዲድ ላይ ይህ ሰበቃ ከጭነቱ ሩብ ያህል ሲሆን ጤዛ ወይም ዝናብ ሲነካው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሎኮሞቲቩ ራሱን ብቻ ሳይሆን ተከታይ ፉርጎዎችን ይጎትታል። ስለዚህ መሐንዲሶች ለተራ ባቡር ተዳፋቱን ብዙውን ጊዜ በ100 ሜትር ከ2 ወይም ከ3 ሜትር አያስበልጡትም።

መፍትሔው ከሁለቱ ሐዲዶች መካከል ባለ ጥርስ ብረት መዘርጋትና ከባቡሩ ሥር ባለ ጥርስ መዘውር መግጠም ነበር። ጥርስ በጥርስ ሲገባ መንሸራተት ይቀራል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ተራራ እ.ኤ.አ. በ1869፣ በስዊዘርላንድ ሪጊ ተራራ በ1871 እንዲህ ያሉ ባቡሮች ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1889 በተከፈተው የፒላተስ መስመር ደግሞ ተዳፋቱ 48 ከመቶ ደረሰ።

ልዩነቱን በግሸን አገር ሚዛን እንለካው። 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት በ2 ከመቶ ተዳፋት የሚሄድ ባቡር 25 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። በ25 ከመቶ የሚወጣው ባለ ጥርስ ባቡር 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃዋል። በፒላተስ ተዳፋት ደግሞ ከ1 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው።

አገራችንም ለተራራ ባቡር ባይተዋር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ይህንንም ያደረገው ያለ ጥርስ፣ በ780 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ዳገቱን አስታግሦ ነው። ለወሎ የቀረበው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2015 ግንባታው የተጀመረውና 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዋሽ–ወልድያ ሐራ ገበያ መስመር ነው። ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ2021 በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል። ይሁንና ይህ መስመር የተነደፈው ከተማን ከከተማ ለማገናኘት እንጂ አምባ ለመውጣት አልነበረም።

ከዳገቱ ቁልቁለቱ ይበልጥ ያሳስባል

ባቡር በሌለበት አረጋውያንን የሚያወጣው አውቶቡስ ነው። ቱርቦ ያልተገጠመለት ሞተር ከፍታ ላይ እንደ ሰው ሁሉ ኦክስጅን ስለሚያጥረው በ3,000 ሜትር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ዋናው አደጋ ግን ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው።

10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶቡስ 1,000 ሜትር ሲወርድ 98 ሚሊዮን ጁል ያህል ኢነርጂ ይለቅቃል። ይህ ኢነርጂ 335 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል፤ 90 ዲግሪ ደግሞ ውሃ በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚፈላበት ሙቀት ነው። አሽከርካሪው ማርሹን ነጻ አድርጎ በፍሬን ብቻ ከወረደ ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ሸራና ከበሮ ላይ ነው። ሸራው ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይታዘዝም። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ግን ከኢነርጂው ከፍተኛውን ድርሻ ሞተሩ ይቀበለዋል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ የተራራ ባቡር ይህንኑ ኢነርጂ ወደ ኤሌክትሪክ መልሶ ለሚወጣው ባቡር ያቀብላል።

በዚህም ምክንያት ተሳፋሪ ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል ማርሽ ነጻ ሲደረግ ካየ ዝም ሊል አይገባውም። «ወንድሜ፣ በማርሽ ውረድልን» ማለት አሽከርካሪውን መድፈር አይደለም።

ለግሸን ምን ይበጃል?

ባለ ጥርስ ባቡር ወይም በገመድ የሚሳብ ተሽከርካሪ ግሸንን መውጣት ይችላል ወይ ቢባል፣ በምሕንድስና በኩል ይቻላል። ይገባል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በአንድ በኩል ጉልበት የከዳቸው እናቶችና አካል ጉዳተኞች አሉ፤ እነርሱን አስታውሶ መንገድ ማቅለል ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ለብዙው ምእመን ድካሙ ራሱ የጉዞው አካል ነው። ለስላሳ ንጣፎች ያሉበትን ገደል መቁረጥም የድንጋይ ናዳ ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አምባው ጠባብ ነው። ወደ ላይ መውጣት በቀለለ ቁጥር የሚወጣው ሕዝብ ይበዛል፤ ቆሻሻውም እንዲሁ። የተሰነጣጠቀ ባዛልት ውሃን ሳያጣራ ያሳልፋል። በአናቱ ላይ የተጣለ ቆሻሻ ከሥሩ በሚፈልቅ ምንጭ ሊወጣ፣ የበዓሉ ማግስት በሽታም ለአምባሰል ገበሬ ሊተርፍ ይችላል። እንግዲህ ከሐዲድ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት መጸዳጃ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የተጠገነ መንገድና ፍሬኑ የተፈተሸ መኪና ናቸው።

በሚቀጥለው መስከረም ከቤተሰቡ ጋር የሚጓዝ ተማሪ አንድ ቀላል ሙከራ ሊሠራ ይችላል። በአምባው ራስ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቆ ይዝጋ። ሐይቅ ዳር ሲደርስ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨምድዶ ያገኘዋል። የጨመቀው ከላይ ሳለ የጎደለው፣ ወደ ታች ሲወርድ የተጨመረው የአየር ግፊት ነው። ለታናናሾቹ ምክንያቱን ካስረዳ በኋላ ግን ጠርሙሱን ሜዳ ላይ እንዳይጥለው አደራ እንላለን።