የመኪና ማቆሚያን በስልክ ቀድሞ ማስያዝ፦ የመተግበሪያው አነዳደፍና ተገልጋዩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

መግቢያ

በአዲስ አበባ ለሥራ፣ ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ቀጠሮ መኪና ይዞ የሚወጣ ሰው የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መድረሻው ደጃፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ማቆሚያ ፍለጋ አንዱን መንገድ ደጋግሞ መዞር፣ ቀጠሮ ማሳለፍ፣ በመጨረሻም በተከለከለ ሥፍራ አቁሞ ለቅጣት መዳረግ የተለመደ ሆኗል። ችግሩ የአሽከርካሪው ብቻ አይደለም። ቦታ ፍለጋ የሚዞር መኪና ነዳጅ ያባክናል፣ ከኋላው የሚመጣውን ያዘገያል፣ ለእግረኛም አደጋ ይሆናል።

ከተሞች ይህን ችግር ለማቃለል ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የማቆሚያ ቦታን በእጅ ስልክ ቀድሞ ለማስያዝ የሚያስችል መተግበሪያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው መተግበሪያ በአግባቡ ሲነደፍ ምን ምን እንደሚያሟላ፣ ተገልጋዩም ከመጠቀሙ በፊት ምን ማረጋገጥ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

1. ማስያዝ ቃል መግባት ነው

የማቆሚያ መተግበሪያዎች በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት አገልግሎት ይሰጣሉ፦ ክፍት ቦታ የት እንዳለ ማሳየት፣ ክፍያ መቀበል እና ቦታ ማስያዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መረጃ የመስጠትና ገንዘብ የመሰብሰብ ተግባራት ናቸው። ሦስተኛው ግን ከዚያ ያልፋል። «ቦታዎ ተይዟል» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ቃል ተገብቶለታል። በሰዓቱ ደርሶ ቦታው በሌላ መኪና ተይዞ ቢያገኘው፣ መተግበሪያው ባይኖር ኖሮ ከሚደርስበት የበለጠ ይጎዳል፤ ሌላ አማራጭ ሳይፈልግ፣ ከፍሎና ተማምኖ መጥቷልና።

ስለዚህ ንድፉ የሚጀምረው ከስልኩ ገጽ ሳይሆን ከማቆሚያው ቦታ ነው። ቦታውን የሚጠብቀው ማን ነው? መግቢያው በምን ይዘጋል? የቀደመው መኪና ሰዓቱ ሲያልፍ ባይወጣ ምን ይደረጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚሠራ መተግበሪያ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ሊጠብቅ የማይችለውን ቃል ይሰጣል።

2. የትኛው ቦታ ሊያዝ ይችላል?

ለማስያዝ የሚመቸው መግቢያና መውጫው የታወቀ፣ የሚገባና የሚወጣው መኪና የሚቆጠርበት ማቆሚያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያ 1,400 ያህል ተሽከርካሪዎችን የመያዝ አቅም እንዳለው ተገልጿል። በመገናኛ አካባቢ ደግሞ መኪናን በማሽን ወደ ላይ እያነሣ የሚደረድር የብረት ማቆሚያ ተገንብቷል። በእንዲህ ዓይነት ሥፍራዎች በር ላይ የሚደረግ ቁጥጥር የተገባውን ቃል ለመጠበቅ ያስችላል።

የመንገድ ዳር ማቆሚያ ግን በር የለውም። ማንም ደርሶ ሊያቆምበት ይችላል። ከዚህም በላይ መንገዱ የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አሽከርካሪዎች የቆሙበትን የመንገድ ዳር ቦታ ለሚቀጥለው ሰው በስልክ እንዲሸጡ የሚያደርጉ የግል መተግበሪያዎች ብቅ ባሉ ጊዜ የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጾ እንዲቆም አዟል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሕዝብ የሆነውን ቦታ ግለሰብ ለጨረታ ሊያቀርበው አይችልም። በመሆኑም ለመንገድ ዳር የተሻለው አገልግሎት ማስያዝ ሳይሆን ክፍት ቦታን ማሳየትና በቆይታ ልክ ማስከፈል ነው።

3. ሁለት ሰው አንድ ቦታ እንዳይዝ

ሁለት ተገልጋዮች የቀረውን አንድ ቦታ በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ ሥርዓቱ ለአንዱ ብቻ መስጠት አለበት። ይህም የሚፈጸመው ጥያቄው ቀድሞ ለደረሰው ሰው ቦታውን ክፍያው እስኪጠናቀቅ ለጥቂት ደቂቃዎች በመቆለፍ ነው። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለ ቦታው ለሌሎች ይለቀቃል። ከዚህ የሚከብደው ግን በመሬት ላይ የሚፈጠረው ግጭት ነው፤ የቀደመው ባለመኪና ስብሰባው ረዝሞበት ወይም ሐኪም ቤት ቆይቶ በሰዓቱ ላይወጣ ይችላል።

ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ለተገልጋዩ የተወሰነ የመደብ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ በማቆሚያው ውስጥ «አንድ ቦታ» ዋስትና መስጠት ነው፤ የትኛው እንደሚሆን በር ላይ ይወሰናል። ሁለተኛው በተከታታይ ቀጠሮዎች መካከል የመሸጋገሪያ ጊዜ መተው ነው። ሦስተኛው ሁሉንም ቦታ አለማስያዝ ነው። ለምሳሌ 100 መኪና በሚይዝ ማቆሚያ 70ው ብቻ በስልክ እንዲያዝ ቢደረግ፣ ቀሪው 30 ሳያስይዙ ለሚመጡ ሰዎች ያገለግላል፤ ካስያዙት አንዱ ቦታው ቢታጣበትም ማስተናገጃ ይሆናል።

4. የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

ከውጭ የመጣ መተግበሪያን እንዳለ ወደ አገልግሎት ማስገባት ከሚያስከትላቸው ስህተቶች ዋነኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ስልኩ 9:00 ብሎ ሲያሳይ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ ልማድ ያነበበው ሰው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ቀጠሮውንም ክፍያውንም ያሳጣል። ስለዚህ መተግበሪያው ቁጥሩን ብቻውን ሳይሆን «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» ከሚል ቃል ጋር ማሳየት፣ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥና ከመክፈል በፊት ተገልጋዩን ማረጋገጫ መጠየቅ ይኖርበታል።

የቀን ለውጥም ጥንቃቄ ይሻል። የኮምፒውተር ሥርዓት ቀኑን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፣ በእኛ ልማድ ግን ሌሊቱ እስኪነጋ የቀደመው ቀን ተከታይ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሚነሣ መንገደኛ «የሰኞ ሌሊት» ማለት አሻሚ ነው፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ቢባል ግን ማንም አይሳሳትም። በወር ለሚከፍሉ ደንበኞችም የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት በየትኛው ወር ክፍያ እንደሚሸፈኑ አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት።

5. የሰሌዳ ቁጥር ምዝገባ

በር ላይ ያለው ሠራተኛ ወይም ካሜራ ያስያዘውን ሰው የሚለየው በሰሌዳው ነው። በነባሩ የአገራችን ሰሌዳ ላይ ከቁጥሩ በተጨማሪ የአገልግሎት ዓይነቱን የሚያመለክት ኮድና የክልሉ ወይም የከተማው መለያ ፊደል ይገኛል። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው መኪኖች በኮድ ወይም በክልል ሊለያዩ ስለሚችሉ መተግበሪያው ሦስቱንም መጠየቅ አለበት። ቁጥሩን ብቻ የሚቀበል ምዝገባ የአንዱን መብት ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። በተውሶ ወይም በኪራይ መኪና የሚመጣ ሰውም ሰሌዳውን ከመድረሱ በፊት ማስተካከል እንዲችል ሊፈቀድለት ይገባል።

6. ክፍያና ተመላሽ ገንዘብ

የማቆሚያ ክፍያ የተጀመረው ገቢ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የማቆሚያ ቆጣሪ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ሲተከል ዋነኛው ዓላማ አንድ መኪና ቀኑን ሙሉ ቦታ ይዞ እንዳይውል፣ ሌላውም ገበያተኛ ተራ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። በስልክ ማስያዝም የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ ቦታውን ለብዙዎች ማዳረስ አለበት።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ለብዙ ተገልጋዮች የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ክፍያው ተቀንሶ ማረጋገጫው ሳይመጣ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። በአግባቡ የተነደፈ መተግበሪያ እንዲህ ሲሆን ተገልጋዩን ሁለተኛ አያስከፍልም፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ራሱ አጣርቶ ቦታውን ያጸናል ወይም ገንዘቡን ይመልሳል። የመሰረዣው የመጨረሻ ሰዓት፣ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ፣ ከተያዘው ጊዜ በላይ የቆየም ምን ያህል እንደሚከፍል ከክፍያው በፊት በአማርኛና ተገልጋዩ በሚረዳቸው ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ሊገለጽ ይገባል።

7. ማንንም ያላገለለ አገልግሎት

የሕዝብ ማቆሚያ ዘመናዊ ስልክ ላለው ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም። ቴሌብር *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ ሁሉ፣ ማስያዣውም በአጭር ቁጥርና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢሠራ በተራ ስልክ የሚጠቀመውን ያካትታል። የማረጋገጫ ኮዱም በር ላይ ኔትወርክ ባይኖር እንኳ ሊነበብ በሚችል መልክ በስልኩ ላይ መቀመጥ አለበት።

ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ ሰፋ ያሉ ቦታዎች በስልክ ማስያዣው ምክንያት ለሌላ ሰው መሰጠት የለባቸውም። የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ያለባቸው ቦታዎችም በዝርዝሩ ላይ ተለይተው ሊታዩ ይገባል፤ በዚያ የሚቆመው ለመሙላት የመጣው ብቻ እንዲሆን።

በየመንገዱ ዳር ደረሰኝ እየቆረጡ የሚያስተናግዱ የማቆሚያ ሠራተኞችም የሥርዓቱ አካል ናቸው። ቦታው መያዙን የሚያረጋግጡት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት፣ ለእንግዳው መንገድ የሚያመለክቱት እነርሱ ናቸው። መተግበሪያው ለእነርሱ የሚሆን ቀላል ገጽ ካልተዘጋጀለት በስልክ የተያዘው ቦታ በር ላይ ለማንም መስጠት ይጀመራል። የገቢያቸው ጉዳይም በንድፉ ወቅት አብሮ መታየት አለበት።

8. የግል መረጃ ጥበቃ

አንድ ሰው መኪናውን የትና መቼ እንደሚያቆም የሚያሳይ መዝገብ የሚሠራበትን፣ የሚታከምበትንና የሚያመልክበትን ሥፍራ ይገልጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል፤ የመረጃው ባለቤትም መረጃውን የማየትና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ማቆሚያ ለማስያዝ የስልክ ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥርና ሰዓት ይበቃሉ። የስልክ ማውጫዎን ወይም ፎቶግራፎችዎን ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅ መተግበሪያ ቢያጋጥምዎ ምክንያቱን መጠየቅ መብትዎ ነው።

9. ከማስያዝዎ በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሀ) መተግበሪያው ለቦታው ዋስትና ይሰጣል ወይስ ክፍት ቦታ መኖሩን ብቻ ያሳያል?
ለ) ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ተጽፏል? «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን አይተዋል?
ሐ) የሰሌዳዎን ኮድ፣ መለያ ፊደልና ቁጥር በሙሉ አስገብተዋል?
መ) ቢዘገዩ፣ ቢሰርዙ ወይም ቢያሳልፉ የሚከፍሉት መጠን ተገልጿል?
ሠ) ቦታው ተይዞ ቢያገኙት በዚያው ሰዓት የሚደውሉበት ቁጥር አለ?
ረ) የክፍያ ማረጋገጫውን በስልክዎ አስቀርተዋል? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ፣ ማረጋገጫው ቅሬታ ለማቅረብ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ማጠቃለያ

የማቆሚያ ማስያዣ መተግበሪያ አዲስ ቦታ አይፈጥርም፤ ያለውን ቦታ በሥርዓትና በፍትሕ ለማዳረስ ያግዛል እንጂ። ስኬቱም የሚለካው ስንት ሰው በስልኩ ላይ እንደጫነው ሳይሆን «ቦታዎ ተይዟል» ከተባሉት ተገልጋዮች መካከል ስንቱ በሰዓቱ ደርሰው ቦታቸውን ክፍት ሆኖ እንዳገኙት በመቁጠር ነው። ተገልጋዩም በበኩሉ ያስያዘውን ሰዓት ቢያከብር፣ ሲቀር ቢሰርዝ፣ ሲጨርስም ቢለቅ ከኋላው ላለው ሰው የተገባውን ቃል አብሮ ይጠብቃል።