የጂም እና የሲቢል ስቶክዴል ጦርነት

ጄምስ ስቶክዴል ብዙ ማዕረግ የተሸከመ ሰው ነው፤ ተዋጊ አብራሪ፣ የሙከራ አብራሪ፣ የጦር ምርኮኛ፣ ምክትል አድሚራል። ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እስር ቤት ውስጥ ስላሳየው ጽናት ነው። እኔ ግን ታሪኩን ከባለቤቱ ከሲቢል ለይቶ የሚያወራ ሁሉ ግማሹን ጥሎ እንደሚያልፍ አምናለሁ።

የተወለደው በ1923 ኢሊኖይ ውስጥ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1946 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመረቀ፤ በዓመቱ ሲቢል ቤይሊን አገባ፤ አራት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ሲገባ አብሮት ከተማሩት አንዱ ኋላ በጠፈር መንኮራኩር ምድርን የዞረው ጆን ግሌን ነበር፤ ስቶክዴል ሒሳብ ያስጠናው ነበር ይባላል። ከዚያ ባሕር ኃይሉ ለሁለተኛ ዲግሪ ስታንፎርድ ላከው። እዚያ ፊሊፕ ራይንላንደር የተባለ የፍልስፍና መምህር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሰጠው። ጸሐፊው ኤፒክቴተስ ይባላል፤ በሮማውያን ዘመን ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ትምህርቱ ባጭሩ፣ በእጅህ ያለውን ከሌለው ለይተህ እወቅ የሚል ነው። ለጄት አብራሪ የሚሆን ስጦታ አይመስልም፤ ስቶክዴል ግን መርከብ ላይ ሳይቀር ከራስጌው አልለየውም።

ኦገስት 4 ቀን 1964 ሌሊት፣ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ሁለት የአሜሪካ መርከቦች በሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ተጠቃን ብለው ጮኹ። ስቶክዴል በላያቸው እየበረረ ባሕሩን አሰሰ፤ አንድም የጠላት ጀልባ አላየም። በማግስቱ ግን ለዚያ «ጥቃት» አጸፋ የሚሆነውን የቦምብ ድብደባ እንዲመራ ታዘዘ፤ መራም። አሜሪካን ሙሉ ለሙሉ ወደ ጦርነት ያስገባው የምክር ቤት ውሳኔ የተላለፈው ከዚህ በኋላ ነው። ኋላ በተማረከ ጊዜ በአካሉ ከደረሰበት ሁሉ ይልቅ ይህን ምስጢር በግርፋት ያወጡብኝ ይሆን የሚለው ሥጋት ዓመታት አብሮት ኖረ።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1965 ኦሪስካኒ ከምትባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በስካይሆክ ጄት ተነሣ፤ አልተመለሰም። በፀረ አውሮፕላን ተኩስ ተመትቶ በፓራሹት ወረደ፤ እግሩ ተሰበረ፤ ሃኖይ ወደሚገኘው ሆአ ሎ እስር ቤት ተወሰደ። ሰባት ዓመት ተኩል ቆየ። ከዚያ ውስጥ አራቱን ብቻውን ተዘግቶ፣ ሁለቱን ደግሞ በእግር ብረት አሳለፈ።

እስረኞቹ እንዳይነጋገሩ ተከልክለው ስለነበር ግድግዳ ያንኳኩ ጀመር። አሠራሩ ቀላል ነው። ከእንግሊዝኛ ፊደላት «ኬ» ይወጣና ቀሪዎቹ 25ቱ በአምስት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት አምስት ሆነው ይደረደራሉ። በመጀመሪያ የረድፉ ቁጥር፣ ጥቂት ቆም ተብሎ ደግሞ ፊደሉ በረድፉ ውስጥ ያለበት ቦታ ይንኳኳል። «ኤች» ለማለት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ። ግቢ የሚጠርገው በመጥረጊያው ምት፣ ሌላው በሳል ያስተላልፋል። ስቶክዴል በዚህ መንገድ ትእዛዝ ሰጠ፦ በሕዝብ ፊት አትስገዱ፣ በሬዲዮ አትናገሩ፣ ወንጀል ሠራን አትበሉ፣ ከሁሉም በላይ አንድነታችሁን ጠብቁ። ከሚጠየቀው ሰው አቅም ጋር የተመጠነ ሕግ ነበር፤ ፈጽሞ ምንም አትናገሩ ቢል ኖሮ ማንም አይፈጽመውም ነበር።

በዚህ ጊዜ ሲቢል ካሊፎርኒያ፣ ኮሮናዶ ውስጥ አራት ልጆች ይዛ ቀርታለች፤ ትንሹ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። ከባሏ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ግራ አጋቧት፤ ከነገሩ ጋር ስለማይገናኙ ሰዎችና ነገሮች ያወራል። በአንዱ ላይ በቀትርም ጨለማ እንደ ሆነ ጻፈላት። አርተር ኬስለር ስለ እስርና ምርመራ የጻፈውን፣ ርዕሱም ይህንኑ «ጨለማ በቀትር» የሚለውን ልብ ወለድ የሚያውቅ ሰው መልእክቱን ይረዳዋል። ሲቢል ደብዳቤዎቹን ለባሕር ኃይሉ የስለላ ክፍል ወስዳ አብራ መሥራት ጀመረች። ሥራው ቢደረስበት ባሏን ሊያስገድለው እንደሚችል ታውቅ ነበር።

በ1966 መጨረሻ አንዲት ሴት ያለችበትን ፎቶግራፍ ላከችለት፤ እናትህ ናት ብላ። እሱ ሴትዮዋን አያውቃትም። ነገሩ ገብቶት ፎቶግራፉን በሽንቱ ሲዘፈዝፈው ወረቀቱ ተለያየና ውስጡ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በማይታይ ካርቦን እንዴት እንደሚጻጻፉ የሚያስረዳ። ከዚያ በኋላ ለቤተሰብ የሚጻፈው ተራ ደብዳቤ የእስረኞችን ስም ዝርዝርና የግርፋቱን ዜና ይዞ ዋሽንግተን ይገባ ጀመር።

መንግሥት የምርኮኞችን ሚስቶች ዝም በሉ ይላቸው ነበር። ሲቢል ለተወሰነ ጊዜ ታዘዘች፤ በ1968 ግን ጉዳዩን ለጋዜጣ ሰጠች። የምርኮኞችን ቤተሰቦች አሰባስባ ብሔራዊ ማኅበር መሠረተች፣ ፓሪስ ድረስ ሄዳ የሰሜን ቬትናምን ተወካዮች ፊት ለፊት ጠየቀች። በ1969 የኒክሰን መንግሥት የዝምታውን መመሪያ ጣለ።

በዚያው ዓመት ስቶክዴል ለፕሮፓጋንዳ ፊልም እንዳይቀርብ የጭንቅላቱን ቆዳ በምላጭ ቆረጠ፤ ኮፍያ እናጠልቅልሃለን ሲሉት ፊቱን በዱካ ደበደበ። በሴፕቴምበር ደግሞ የጓደኞቹን ስም ከማውጣት ሞትን መርጦ በመስተዋት ስባሪ የእጁን ደም ሥር በጣጠሰ። ጠባቂዎቹ አተረፉት። ከዚያ በኋላ ግርፋቱ ቀነሰ። የሆ ቺ ሚን ሞት አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ የሚስቶቹ ጩኸት ደግሞ ሌላው።

ፌብሩዋሪ 1973 ተፈታ፤ ጉልበቱ ዳግመኛ አልታጠፈም። በ1976 የሀገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። በ1992 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው የሮስ ፔሮ ምክትል ሆኖ ለምርጫ ክርክር ቀረበና፣ ማን እንደ ሆነና ለምን እዚያ እንደ ቆመ ራሱን በመጠየቅ ንግግሩን ሲከፍት ተሳቀበት፤ ቴሌቪዥን ለፈላስፋ አይመችም። እሱ በ2005፣ ሲቢል በ2015 አረፉ፤ አናፖሊስ ጎን ለጎን ተቀብረዋል።

በ1984 አንድ መጽሐፍ አብረው አሳትመዋል፤ «በፍቅርና በጦርነት» እንደ ማለት ነው። አንዱን ምዕራፍ እሱ፣ ቀጣዩን እሷ ይጽፋሉ። መጽሐፉን ያገኘ ሰው ወደ እስር ቤቱ ለመድረስ ቸኩሎ የእሷን ምዕራፎች እንዳይዘል እመክራለሁ።