የልጅዎ የማስታወስ ችሎታ ከመቼ ይጀምራል?

«ልጄ ጠዋት ያጠናውን ማታ ይረሳዋል፤ ምን ላብላው?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ወላጆች ይሰማል። መልሱን ስንፈልግ ብዙዎቻችን የምናየው የልጁን ምሳና እራት ነው። የማስታወስ ችሎታ መሠረቱ የሚጣለው ግን ልጁ ፊደል መቁጠር ይቅርና ገና ሳይወለድ ነው።

እስኪ የፍኖተ ሰላምን ወይም የቡሬን ገበያ ያስቡ። በርበሬና በቆሎ ከሚሸጥበት ብዙም ሳይርቅ ጨው ከተከፈተ ጆንያ እየተሰፈረ ይሸጣል። ፀሐይና እርጥበት ያገኘው ጨው ጣዕሙ አይለወጥም፤ አዮዲኑ ግን ይቀንሳል። አዮዲን የታይሮይድ ዕጢ ለሚያመርተው ሆርሞን የግድ ያስፈልጋል፤ የጽንስ አንጎልም ያለዚህ ሆርሞን በአግባቡ አያድግም። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። እንደ ጎጃም ባለ ደጋማ አገር ደግሞ ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ስለሚሄድ እህሉ የሚይዘው ጥቂት ነው። አንገት ላይ የሚወጣው እንቅርት የዚሁ እጥረት ምልክት ነው። የማይታየው ይብሳል፦ እናቲቱ ጤነኛ መስላ የልጇ የመማር አቅም ሊጎዳ ይችላል።

የአገራችን የጨው ታሪክም እዚህ ላይ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው ጨው የሚመጣው ከአሰብና ከምጽዋ ሲሆን አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው በአፋር የሚገኘው አፍዴራ ተተካ፤ ለዓመታትም በአብዛኛው አዮዲን የሌለው ጨው ስንበላ ኖርን። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ መካከል ከተወለዱት ብዙዎቹ ዛሬ ወጣቶች ናቸው። «ትምህርት አይገባውም» ተብሎ ከተገረፈው ውስጥ ስንቱ ያለጥፋቱ እንደተገረፈ አላህ ይወቀው።

ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ ከአዋቂ አንጎል መጠን 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ያም ሆኖ ከሦስት ዓመታችን በፊት የሆነውን አብዛኞቻችን አናስታውስም። አንዱ ምክንያት ገጠመኝን የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ገና ያልበሰለ መሆኑ ነው። ሕፃኑ ግን አልተማረም ማለት አይደለም፤ አፉን የፈታው በዚያው ዕድሜ ነው።

የአምስት ዓመቱን ልጅ «ከሱቅ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ስኳር፣ ሻማና ጨው ይዘህ ና» ብለው ላኩት እንበል። ሁለቱን ብቻ ይዞ ቢመለስ አይቆጡት። አዋቂ ሰው ሰባት ያህል ቁጥሮች ሰምቶ ወዲያው መድገም ሲችል፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚችለው አራት ያህል ነው።

ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ልጁ ሆን ብሎ መደጋገምን፣ ቀጥሎም የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጎ መያዝን ይለምዳል። ሎሕ ላይ ጽፎ፣ በቃሉ ቀርቶ፣ አጥቦ እንደገና የሚጽፈው የመድረሳ ልጅ ሳያውቀው ጥሩ ዘዴ ይዟል። ነገር የሚጸናው ጽሑፉን ደጋግሞ በማየት ብቻ ሳይሆን ሳያዩ ለማስታወስ በመሞከርና ቀን እየለዩ ሙራጀዓ በማድረግ ነው። ከመምህሩ አፍ የሰማውን በቃሉ የሚወጣው የጎጃም የቆሎ ተማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንቅልፍ ግን አይቀነስበት። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው ሌሊት ስለሆነ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ከብት ሲጠብቅ ውሎ በኩራዝ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያጠና ልጅ ድካሙ ብዙ፣ ትርፉ ትንሽ ነው።

ማቀድንና ራስን መግታትን የሚመራው የአንጎል የፊት ክፍል መብሰሉን የሚጨርሰው በ20ዎቹ አጋማሽ ነው። በ40 ዓመቱ ቁርኣን መቅራት የጀመረ አባት ከልጁ ቢዘገይ አይፈር፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም የቃላት እውቀት እስከ 60ዎቹ ድረስ ይጨምራል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንመለስ። ሲገዙ «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የታሸገ ጨው ይምረጡ፤ ከድኖ ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ወጡ ውስጥም ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። መጠኑን ማብዛት አያስፈልግም፤ ለደም ግፊት ይዳርጋል። ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንስም ልጅ ትምህርት ላይ ይፈዛል፤ ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ሽሮና ምስር ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ በተቃራኒው ይረዳል። በትምህርት ዕድሜ ያለ ልጅ አዮዲንና ብረት ማግኘት ሲጀምር በከፊል ሊሻሻል ይችላል፤ በጽንስነቱ ያጣውን ግን በኋላ መመለስ ስለሚያስቸግር፣ በቤትዎ ነፍሰ ጡር ካለች የጨው ዕቃውን ዛሬውኑ ይመልከቱ።