ነዳጅ ሲሰጠው የሚጮኽ መኪና፦ እውነት ወይስ ተረት?

«ነዳጅ ሲሰጠው የሚያላዝን ከሆነ ካምቢዮው አልቋል፤ ይውረድ።»

ተረት ነው። ባለመኪናን ብዙ ብር የሚያስወጣው ተረት ይህ ስለሆነ ከሌሎቹ ረዘም አድርጌ እይዘዋለሁ። ካምቢዮ ሊሆን እንደሚችል አልክድም። ነገር ግን ቺንጋ፣ ዲናሞ፣ የመሪ ፖምፓ፣ ተርቦ፣ ዲፈረንሻል፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ እኩል ያልተበላ ጎማ ሁሉም ያፏጫሉ። መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ድምፁ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የጎማውን?

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ነዳጅ ይስጡት። ቆሞም ከጮኸና ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ዲፈረንሻሉና የጎማ ኩሽኔታው ነጻ ናቸው፤ አልዞሩምና። ያኔ ኮፈኑን ከፍተው ቺንጋው የሚያዞራቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ማዳመጥ ነው። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ። ሲረግጡ ድምፁ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ሲረግጡ ብቅ ካለ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮ ቢወርድም ካምቢዮው ራሱ ጤነኛ ነውና «አዲስ ካምቢዮ ግዛ» የሚል ምክር አይቀበሉ።

ቆሞ ዝም ብሎ ሲሄድ ብቻ ከጮኸ ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ሃይሉክስና አይሱዙ የኋላ ጎማ በሚነዳቸው መኪኖች ላይ ነዳጅ ሲሰጥ የሚያላዝን፣ እግር ሲነሳ ዝም የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዲፈረንሻሉ ጥርሶች ይመጣል፤ ጭነት ሲያርፍባቸው ነውና የሚጮኹት። እግርዎን ቢያነሱም ባያነሱም የማይለወጥ፣ ከፍጥነት ጋር ብቻ የሚጨምር ጉርምርምታ ግን የጎማ ኩሽኔታን ይጠቁማል። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሲያዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ድምፁ ከበረታ የቀኙን ያስፈትሹ። አስፋልቱ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ድምፅ ደግሞ የጎማው ነው። መካኒኩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት አብሮዎት ተቀምጦ አንድ ዙር እንዲሄድ ይጠይቁት። የማይሄድ ከሆነ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

«ወፍራም ዘይት ጨምርበት፣ ዝም ይላል።»

ዝም ሊል ይችላል፤ አደጋውም እሱ ነው። የተበላ ጥርስ በዘይት አይበቅልም፤ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይታፈናል እንጂ መበላላቱ ይቀጥላል። በዚህ ምክር በጣም የሚጎዱት ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች ናቸው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ብዙ አውቶማቲክ ቪትዞች ከእነዚህ ናቸው። በሲቪቲ ውስጥ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ተጨምቆ ይሠራል፤ የሚይዘውም በዘይቱ ግፊትና ባሕርይ ነው። የተራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲሞላበት ቀበቶው ይንሸራተትና ፑሊውን ይፍቃል። ያኔ በእርግጥም ካምቢዮ መግዛት ይመጣል። ለስለስ ያለ ፉጨት የሲቪቲ ተፈጥሮ ነው። በቅርቡ የባሰ ከሆነ ግን መጀመሪያ የዘይቱን መጠንና ዓይነት ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ያስተያዩ። በዚህ ተረት ውስጥ ያለችው እውነት አንዲት ናት፦ ዘይት በማነሱ የሚጮኽ ካምቢዮ ወይም ዲፈረንሻል፣ ትክክለኛው ዘይት ቶሎ ሲሞላለትና የሚያፈሰው ጎሚኒ ሲቀየርለት ሊድን ይችላል።

«ቺንጋውን ሳሙና ቀባው።»

ተረት። ይልቅ እጅና ልብስን ከሚዞረው ነገር አርቀው፣ ሞተሩ እየሠራ ቺንጋው ላይ ትንሽ ውሃ ይርጩ። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ከባሰበት ቺንጋው ላልቷል ወይም ወጣሪው ደክሟል።

«ተርቦ ካፏጨ ሞቷል።»

ቀጭን ፉጨት ለናፍጣ ተርቦ ጤናው ነው። ፉጨቱ ድንገት በርትቶ መኪናው ጉልበት ካጣና ጥቁር ጭስ ካበዛ፣ ተርቦው ከመነካቱ በፊት አየር የሚያሳልፉት ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸው ይታዩ። የተሰነጠቀ ቱቦ ለመቀየር ተርቦ መግዛት አያስፈልግም። ሰማያዊ ጭስ ካለ ግን ዘይት እየነደደ ነውና ተርቦውም መታየት አለበት።

«የኋላ ማርሽ የሚያላዝን ከሆነ ካምቢዮው ሊሞት ነው።»

ይህም ተረት ነው። በብዙ ማንዋል ካምቢዮዎች የፊት ማርሾች ጥርሳቸው ሰያፍ፣ የኋላው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ ጥርስ ሲጋጠም ይጮኻል። አዲስ መኪናም እንዲሁ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የለውም፤ ካፏጨ ተበላሽቷል።»

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። ሞተሩ፣ ኢንቨርተሩና ዙር ቀናሹ ጥርስ ፍጥነት ሲጨምር ቀጭን ፉጨት ያሰማሉ፤ የተለመደ ነው። በዝግታ ሲሄድ የሚሰማው ሌላው ድምፅ ደግሞ ሆን ተብሎ በድምፅ ማጉያ የሚወጣ ነው። እግረኛ እንዲሰማ የተባበሩት መንግሥታት 138ኛው የተሽከርካሪ ደንብ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ይህን ይጠይቃል። የመፋጨት ወይም የመንቀጥቀጥ ድምፅ ከመጣ ግን ኩሽኔታው ወይም ጥርሱ ሊሆን ይችላልና ያስፈትሹ። ብርቱካንማዎቹ ገመዶች ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይሸከማሉ፤ በዚህ ሥራ ያልሠለጠነ መካኒክ እንዳይነካቸው።